ያልተሠራ ክፍል፣ የሚሸጥ ሳምንት



በቡራዩ አድርጎ ወደ ገፈርሳ የሚወጣ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚወርድ፣ ወይም በዓለም ገና ወደ ሰበታ የሚዘልቅ ሰው መንገድ ዳር የሚያየው ይመሳሰላል። የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፤ ባነሩ ላይ መዋኛ ገንዳና መስታወት የለበሰ ሕንፃ ይታያል። በአጥሩ ቀዳዳ ላጮለቀ ግን ውስጡ ገና ሣርና የድንጋይ ክምር ነው።

ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚለው አስተዳደር ሥር ገብተዋል። የእረፍት ቦታ ለሚሠራ ሰው ምቹ ናቸው። የሱሉልታ ከፍታና ቅዝቃዜ ሯጮቻችንን ከሳበ ቆይቷል፤ ያያ የአትሌቲክስ መንደርም እዚያው ነው። ቡራዩ ላይ የኩሪፍቱ የአፍሪካ መንደር በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች እንግዳው የሚከፍለው ላደረበት ሌሊት ነው። ካልወደደው አይመለስም፤ በዚህ አለቀ።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሽያጭ ነው። በውጭው ዓለም ታይምሼር ይሉታል፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በደንብ ያውቁታል። ገዢው ክፍሉን አይገዛም፤ በየዓመቱ አንድ ሳምንት የማረፍ መብት ነው የሚገዛው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ተጀምሮ አሜሪካ ላይ ትልቅ ንግድ ሆነ።

አዲስ ሪዞርት ለሽያጭ ሲወጣ ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው ከዚያው ኩባንያ ቀድመው ለገዙ ነባር አባላት ነው፤ «ለእናንተ ቅድሚያ» ይባላሉ። ቀጥሎ ለሽርሽር የመጣው ቤተሰብ ቁርስ ወይም ቅናሽ ያለው ማረፊያ ይሰጠውና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ገለጻ እንዲያዳምጥ ይጋበዛል። ሕንፃው ገና መሠረት ላይ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሥዕል ግን ያለቀለት ነው፣ ዋጋውም «የዛሬ ብቻ» ነው። ባልና ሚስት ወጣ ብለው እንዲመካከሩ እንኳ ጊዜ አያገኙም። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ሰው ለበሬ እንኳ ገበያ ወርዶ ጥርሱን አይቶ፣ ጎረቤት አማክሮ ነው የሚከፍለው።

ከፈረሙ በኋላ ደግሞ የየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ። ባይሄዱም ይከፈላል፤ ከዓመት ዓመትም ይጨምራል። መልሶ ልሽጥ ያለ ሰው የገዛበትን ዋጋ ቀርቶ ግማሹንም የሚሰጠው ሲያጣ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ለዚህ ነው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ለገዢው 14 የማሰላሰያ ቀናት የሰጠው። በእነዚያ ቀናት ምክንያት ሳይጠየቅ ውሉን መተው ይችላል፤ ሻጩም ቀብድ እንዳይቀበል ተከልክሏል። የዚህ ንግድ ዋና ገበያ በሆነችው ፍሎሪዳም ገዢው ለመሰረዝ 10 ቀን አለው።

ታይምሼር እኛ ዘንድ ገና አልተለመደም፤ ሥዕል አይቶ ገንዘብ መክፈልን ግን እናውቀዋለን። አክሰስ ሪል እስቴት ከ2 ሺህ በላይ ከሚሆኑ ቤት ገዢዎች ከአንድ ቢሊዮን ብር በላይ ሰብስቦ ቤቶቹን በተባለው ጊዜ ማስረከብ ሳይችል ቀርቷል። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በስደት ሠርተው ያጠራቀሙ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ቤት ቢያጡ እንኳ የሚጠይቁት አንድ የታወቀ ነገር ነበራቸው፤ «ቤቴ የታለ?» ይላሉ። የአንድ ሳምንት መብት የገዛ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? በእጁ ያለው የአባልነት ወረቀት ነው። መሬቱ በሊዝ የተያዘው በሌላ ስም ነው፤ ሕንፃው ባንክ ዘንድ በመያዣ ተይዞ ሊሆንም ይችላል።

ስለዚህ ነገ አንዱ ሻጭ የሱሉልታን ሳምንት ይዞላችሁ ቢመጣ፣ ከሥዕሉ በፊት የሊዝ ውሉንና የግንባታ ፈቃዱን ጠይቁት። ሾውሩም ሳይሆን ሳይቱ ድረስ ይውሰዳችሁ። ዓመታዊው ክፍያ በማን ውሳኔ እንደሚጨምር፣ እንውጣ ብትሉም እንዴት እንደምትወጡ ውሉ ላይ በጽሑፍ ያሳያችሁ። ቅጂውን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፤ አይቻልም ካላችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።

ለሕግ አውጪዎቻችንም የምለው አለኝ። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማት አዋጅ ሲጸድቅ፣ ቤቱ ምን ያህል ሳይሠራ ከገዢ ገንዘብ መሰብሰብ ይቻላል የሚለው ብዙ አከራክሯል። የእረፍት ሳምንት ሽያጭም ተመሳሳይ ደንብ ያስፈልገዋል። ገዢው የማሰላሰያ ቀናት ይኑሩት፤ ቀናቱ እስኪያልፉም ሻጩ ቀብድ አይቀበል። ይህ መደንገግ ያለበት ግን የመጀመሪያው ገዢ ከመክፈሉ በፊት ነው።