የትኛው ካሜራ ለየትኛው ሥራ?

(ለትምህርት ቤታችን በዓል በተደረገው ስብሰባ፣ በፎቶግራፍ ክበብ ስም በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



የፎቶግራፍ ክበባችን ለዚህ በዓል መጽሔት የሚሆኑ ሥዕሎችን በሚሰበስብበት ጊዜ፣ የቆዩትን የክፍል ፎቶግራፎች አንድ በአንድ ተመልክቷል። ከእነርሱም መካከል በወረቀቱ ማርጀት የደበዘዙ አሉ፤ ለዚህ ማንም አይወቀስም። ዳሩ ግን ወረቀታቸው ገና አዲስ ሆኖ ሳለ በኋለኛው ረድፍ የቆሙት ልጆች ፊት የማይለይባቸው ብዙ ናቸው። ነጩ ሸሚዝ ጎልቶ ይታያል፤ ከሸሚዙ በላይ ያለው ፊት ግን ጥላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በመጽሔቱ ውስጥ ስሙ ተጽፎ ይቀራል እንጂ፣ እናቱ እንኳ ብትመጣ «ልጄ ይህ ነው» ብላ ጣቷን ለመቀሰር ትቸገራለች። ስለዚህ ክበቡ ከአባላት መዋጮ ባጠራቀመው ገንዘብ አንድ ካሜራ ለመግዛት ሲነሣ፣ ነገሩ የጌጥ ነገር አለመሆኑን አስቀድሜ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ አር50 ነው። ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኒኮን ዜድ30 ነው። ሁለቱም ለጀማሪ የታሰቡ፣ መስተዋት የሌላቸው፣ ሌንሳቸው የሚቀያየር ካሜራዎች ናቸው። ገንዘባችን ለአንዱ እንጂ ለሁለቱ አይበቃም። ሁለቱንም በውሰት አግኝተን ለየአንድ ሳምንት ሞክረናቸዋል፤ የምናገረውም ከፋብሪካዎቹ መግለጫና ከዚሁ ሙከራ ያገኘነውን ነው።

«መስተዋት የሌለው» ሲባል ግር የሚለው ሰው ይኖር ይሆናል። በቀድሞው ዐይነት ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ አንድ ትንሽ መስተዋት በሰያፍ ተተክሎ ይገኛል። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና፣ አንሺው ዓይኑን ከሚያኖርበት ቀዳዳ ይደርሳል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ሥዕሉን ወደሚቀርጸው ክፍል፣ ማለት ወደ ሴንሰሩ ይገባል። መስተዋት በሌለው ካሜራ ግን ብርሃኑ በቀጥታ በሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሴንሰሩ ያየውም ወዲያው በስክሪን ላይ ይታያል። ፓናሶኒክ ጂ1 የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ወዲህ ይህ አሠራር እየተስፋፋ ሄደ። ዛሬ የምንመርጣቸው ሁለቱ የሚወለዱባቸው የካኖን «አር» እና የኒኮን «ዜድ» ዘሮችም እ.ኤ.አ. በ2018 ተጀመሩ።

ይህ አሠራር ለእኛ የሚሰጠው ዋና ጥቅም፣ ሥዕሉ ከመነሣቱ በፊት ምን ያህል እንደሚጨልም ወይም እንደሚበራ ማሳየቱ ነው። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የፊት መጥቆር የሚመጣው ከዚሁ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ልዘርዝረው። ካሜራ ብርሃንን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። አርባ ተማሪ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲቆም፣ ወይም በበዓል ቀን እናቶቻችን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ሲሰለፉ፣ መሣሪያው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሥዕሉን ያጨልመዋል። ነጩ ልብስ ወደ ግራጫ ሲወርድ፣ የእኛ ፊት ደግሞ ወደ ጥቁር ይወርዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የብርሃን ማስተካከያውን በመደመር ምልክት በኩል አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ነው። አንድ ደረጃ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ነው። የሸሚዙ ስፌት በብርሃን ብዛት ቢጠፋ ግድ የለም፤ የሚፈለገው ፊቱ ነው።

ይህን ለማድረግ ኒኮኑ ይመቻል። ሁለት መዘውሮች ስላሉት አንዱን በአውራ ጣት፣ ሁለተኛውን በሌባ ጣት እያዞሩ ወዲያው ማስተካከል ይቻላል። ካኖኑ ያለው መዘውር አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቁልፍ እየተጫኑ ሥራውን መለዋወጥ ያስፈልጋል። የለመደ ሰው አይቸገርበትም፤ ጀማሪ ግን ይዘገያል።

ነገር ግን ሥዕሉን አስቀድሞ ማየት የሚጠቅመው በእርግጥ ማየት ሲቻል ነው። ካኖኑ ዓይን የሚጣልበት መስኮት አለው፤ በውስጡም 2.36 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ትንሽ ስክሪን ተቀምጦበታል። ኒኮኑ ይህ መስኮት የለውም፤ ያለው በጀርባው ያለው ስክሪን ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ፣ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ይህ ጉድለት አይታወቅም። በስድስት ሰዓት ፀሐይ በኳስ ሜዳው መካከል ኒኮኑን ይዞ የቆመ ሰው ግን በስክሪኑ ላይ የሚያየው የራሱን ግንባር ነው። ከክበባችን ልጆች አንዱ ኮቱን በራሱ ላይ ጥሎ ለማየት ሞክሮ ነበር፤ ታናናሾቹ ተማሪዎች ከፎቶግራፉ ይልቅ በእርሱ ተደሰቱ። የክፍል ፎቶግራፎቻችን ደግሞ የሚነሡት ሁልጊዜ በግቢው ውስጥ፣ በቀትር፣ ከትምህርት በሚለቀቅበት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ካሜራውን ከዓይን ጋር አስጠግቶ የያዘ ሰው፣ ሁለቱ እጆቹና ግንባሩ ሦስት ድጋፍ ይሆኑለታል፤ ክንዱን ዘርግቶ እንደያዘው ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። በእኔ አስተያየት ለቆመ ሥዕል የሚሆን ካሜራ ሲመረጥ ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በሁለቱ መካከል የለም።

በቁጥር የሚነገሩት ልዩነቶች ግን ለእኛ እምብዛም ናቸው። ካኖኑ 24.2፣ ኒኮኑ 20.9 ሚሊዮን ነጥብ ያነሣሉ። የካኖኑ ሥዕል በወርዱ 6000 ነጥብ፣ የኒኮኑ 5568 ነጥብ አለው። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል ብንል፣ የመጀመሪያው ወደ 51 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 47 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ ሊታተም ይችላል። የመጽሔታችን ገጽ ከሁለቱም ያንሳል። ክብደታቸውም ከነባትሪያቸው 375 እና 405 ግራም ስለ ሆነ፣ ልዩነቱ ጥቂት ነው።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለዘመድ የሚላክ ሥዕል ከሆነ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ስልክ ይበቃል። የካኖኑ ሴንሰር ግን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር፣ የኒኮኑም 23.5 በ15.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በስልክ ውስጥ ያለው ከዚህ በብዙ እጅ ያንሳል። ሰፊ ገንዳ ብዙ ዝናብ እንደሚይዝ፣ ሰፊ ሴንሰርም ብዙ ብርሃን ይይዛል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ይህን አዳራሽ በመሰለ ደብዛዛ ቦታ ነው።

ስለ አዳራሹም ከተነሣ፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ የምናነሣው ሥዕል ነው ከሁሉ የሚያስቸግረው። ከካሜራዎቹ ጋር አብረው የሚሸጡት ሌንሶች፣ የካኖኑ ከ18 እስከ 45፣ የኒኮኑ ከ16 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሁለቱም ወደ ሩቅ ሲዘረጉ የብርሃን መግቢያቸው እስከ ኤፍ 6.3 ይጠብባል። በዚህ ጊዜ ካሜራው ብርሃን እስኪበቃው ድረስ መከለያውን ከፍቶ ይቆያል፤ መዘምራኑ ግን አይቆሙም፤ ስለዚህ እጃቸውና አፋቸው ይደበዝዛል። በሌንሶቹ ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የአንሺውን እጅ ያረጋጋል እንጂ የዘማሪውን እጅ አያቆምም። መድኃኒቱ ሰፊ መግቢያ ያለው ሌንስ ነው። ለካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሆነ፣ 160 ግራም ብቻ የሚመዝን ሌንስ አለ፤ ከኤፍ 6.3 ጋር ሲነጻጸር ወደ ዐሥራ ሁለት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ለኒኮንም 40 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 የሆነ አለ፤ እርሱም ወደ ዐሥር እጥፍ ያስገባል። ከካሜራው ምርጫ ይልቅ የአዳራሹን ሥዕል የሚለውጠው ይህ ነው።

ካኖኑ በራሱ ላይ ትንሽ ፍላሽ አለው፤ ኒኮኑ የለውም። ይህ ለካኖኑ እንደ ትልቅ ብልጫ ሊቈጠርለት አይገባም። የትንሹ ፍላሽ ብርሃን ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ የፊተኛውን ረድፍ ግንባር ያበራና የኋለኛውን በጨለማ ይተወዋል። እንዲያውም በፍላሽ ረገድ ካኖኑ አንድ እንቅፋት አለው። ፍላሽ የሚገጠምበት ቦታ አዲስ ዐይነት ስለ ሆነ፣ ክበባችን ያለው ዐይነት የቆየ ፍላሽ በእርሱ ላይ እንዲሠራ ለብቻው የሚሸጥ መገናኛ ያስፈልገዋል። በኒኮኑ ላይ ያው ፍላሽ እንደ ተገጠመ ይሠራል።

ስለ ስፖርት ብዙ አልናገርም። ካኖኑ በሰከንድ 12፣ ኒኮኑ 11 ሥዕል ያነሣሉ። ካኖኑ በኤሌክትሮኒክ መከለያው እስከ 15 ይደርሳል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ሴንሰሩ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች በተራ ስለሚያነብ፣ በኀይል የተመታ ኳስ እንደ ዕንቁላል ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም የሰውን ዓይን ፈልገው ይከተላሉ። ውሻና ድመትንም ለይተው እንዲከተሉ ተሠርተዋል፤ ለበሬና ለበግ ግን አላሰቡም። ከሜዳው ዳር ሆኖ ግብ ጠባቂውን ለማንሣት አብረው የሚሸጡት ሌንሶች አጭር ናቸው፤ ረጅም ሌንስ ለሌላ ዓመት ይቆየን።

ኒኮኑ የሚያሸንፍባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ በቅንነት መነገር አለባቸው። መጀመሪያ፣ ሌንሱ ይበልጥ ሰፊ ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባው ግድግዳ የነካ አንሺ ክፍሉን ሁሉ ለማግባት በኒኮኑ ይችላል፤ በካኖኑ ሁለት ልጅ ከውጭ ይቀራል። ሆኖም በሰፊው ጫፍ ሲነሣ በረድፉ ዳርና ዳር የቆሙት ልጆች ፊታቸው ወደ ጎን ስለሚለጠጥ፣ ቦታ ካለ ወደ ኋላ መራቅ ይሻላል። ሁለተኛውና ዋናው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ኒኮኑ በተለይ ለዚሁ የታሰበ ነው፤ ያለ ማቋረጥ እስከ 125 ደቂቃ ሊቀርጽ ይችላል፤ ሲቀርጽም ከፊቱ ቀይ መብራት ይበራል፤ ተናጋሪው በከንቱ አይደክምም። ካኖኑ በአንድ ሰዓት ላይ ያቆማል፤ ቁልፉን እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ከእናንተ መካከል ልጁ ሠርግ ለመቅረጽ ወይም ትምህርት በቪዲዮ ለማስተማር የሚያስብ ወላጅ ቢኖር፣ እኔ ኒኮኑን ግዙለት እላለሁ። የድምፅ መቅጃ መሰኪያ በሁለቱም ላይ አለ።

ስለ ዋጋ፣ በወጡበት ጊዜ በአሜሪካ ካኖኑ ያለ ሌንስ 679.99 ዶላር፣ ኒኮኑ 709.95 ዶላር ነበሩ። በአገራችን ገበያ የዛሬው ዋጋ ነገ የማይገኝ ስለ ሆነ፣ ከገንዘብ ያዣችን ጋር በምንገዛበት ቀን እንጠይቃለን። ግንብ ለመሥራት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲቈጥር በሰንበት ትምህርት የተማርነውን ገንዘብ ያዣችን አልረሳችም።

እንግዲህ የክበቡ ኮሚቴ ሐሳብ ይህ ነው። ካኖን አር50 ከነተራ ሌንሱ ይገዛ፤ በተረፈው ገንዘብ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስና አንድ ትርፍ ባትሪ ይጨመር፤ የፍላሹ መገናኛ ይቆይ። ከክበቡ አባላት ሦስቱ ለምርቃት ቀን ሲባል ኒኮኑ ይሻላል ብለው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ምክንያታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ምርቃት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የመድረኩ መሪም አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ጭብጨባ ቢያዝልን የካኖኑ ጉድለት ይሸፈናል። በየዓመቱ መስከረም የሚነሡት የክፍል ፎቶግራፎች ግን በቀትር ፀሐይ የሚነሡ ናቸው።

ሁለቱ ካሜራዎች እስከ ነገ ማታ በእጃችን ናቸው። እነሆ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ ስብሰባው ሲያበቃ ወደ ግቢው ይዘናቸው ስለምንወጣ፣ የምትፈልጉ ሁሉ መጥታችሁ በፀሐይ ውስጥ በዓይናችሁ ተመልከቱ።