በረዶ እንደ ብርድ ልብስ


የሳይቤሪያው የሌና ወንዝ ተፋሰስ አብዛኛው ክፍል ክረምት ከበጋ ሳይቀልጥ በሚኖር የበረዶ መሬት ላይ የተዘረጋ ነው። የወንዙን ፍሰት የሚያሰላ መሐንዲስ ከሰማይ የወረደውን በረዶ የውሃ ክምችት ብቻ አድርጎ ቢቆጥረው ይሳሳታል። በረዶው አየር ስለሚይዝ ለመሬቱ ብርድ ልብስ ነውና፤ ቀድሞና ወፍሮ ከተነጠፈ የአፈሩን ሙቀት ይጠብቃል፤ ዘግይቶና ሳስቶ ከመጣ ግን ቅዝቃዜው ጠልቆ ይገባል። ሲቀልጥም ውሃው በረጋው አፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይሰርግ ወደ ወንዙ ይጎርፋል።

ሌና ወደ ሰሜን ስለሚፈስ፣ በላይኛው ተፋሰስ የቀለጠው ውሃ በታችኛው ገና ያልቀለጠ በረዶ ይገጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሌንስክን ከተማ ያጥለቀለቀው እንዲህ ያለው የበረዶ ግድብ ነበር።

ስለዚህ የበረዶው መጠን ብቻ ሳይሆን የወረደበት ጊዜና ውፍረቱም በሞዴሉ ይካተት። የስሌታችንን ስሕተት የሚከፍለው በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው።