በስማቸው የተጠሩ ሴቶች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የዚህ አገር ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ እናንተ ተመራቂ እህቶቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን በቃችሁ!

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጀግኖች ሴቶች እንድናገር ተጠይቄአለሁ። እንዲህ ባለ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ንግሥት አስቴርና ነቢይቱ ዲቦራ ናቸው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ዛሬ ግን ፊቴ የተቀመጣችሁት ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስትለፉ ከርማችሁ፣ ዓርብ ሲመጣ እንቅልፍ እያማራችሁ ለፊደል፣ ለሒሳብና ለስፌት መኪና ጊዜ የሰጣችሁ ሴቶች ናችሁ። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን ትቼ ከጓዳ ልጀምር።

አጋር ግብፃዊት ናት፤ በአብርሃም ቤት የሦራ አገልጋይ ነበረች። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። አብርሃምም ሦራም አንድም ቦታ በስሟ ሲጠሯት አታገኙም። ለእነሱ ባሪያ ናት፣ በቃ። ነፍሰ ጡር ሆና ግፉ ሲበዛባት ወደ ምድረ በዳ ጠፋች። በዚያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አጋር ብሎ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ጠርቷትም ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እሷም በምንጩ አጠገብ ሆና ለእግዚአብሔር ስም አወጣችለት፤ የሚያየኝ አምላክ ነህ አለችው። በመጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ስም ስታወጣ መጀመሪያ የምናገኛት ከአሠሪዎቿ ቤት የጠፋች የሰው አገር ሠራተኛ ናት።

መልአኩ ተመለሺ እንዳላት አውቃለሁ። ይህንን ቃል ይዘው የምትበደልን ሴት ሁሉ «ቻይው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡት እላለሁ። ምዕራፍ 21 ላይ አጋር ከዚያ ቤት ከነልጇ ለዘለቄታው ወጥታለች። የያዘችው እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ነው። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውኃው አለቀ፤ ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ ሞቱን ላለማየት ራቅ ብላ አለቀሰች። እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላትና ጉድጓድ አየች። ልጇን አጠጣች፣ አሳደገች፤ ለአቅመ አዳም ሲደርስም ከገዛ አገሯ ከግብፅ ሚስት መረጠችለት። ያን ጊዜ የቤቷ አዛዥ ራሷ ሆናለች።

እዚህ ያላችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሐጀር ብላችሁ ታውቋታላችሁ። ሐጅ የሄደ ሁሉ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ሲመላለስ ለልጇ ውኃ ፍለጋ የሮጠችውን እናት ያስባል። አንዲት ስደተኛ ሁላችንም የምንኮራባት እናት መሆኗ ለዚህች ከተማ ትልቅ ነገር ነው።

ምድረ በዳውን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከጋላፊ ተነሥቶ በዲኪልና በአሰል ሐይቅ በኩል እስከ ኦቦክ ባሕር ለመሻገር በእግር የሚሄደውን ወገን ታውቁታላችሁ፤ ከመካከላችሁ ራሳችሁ የሄዳችሁበት ትኖራላችሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ በጎዶሪያና በኮር አንጋር ጠረፍ ባሕር የበላቸውን ስናስብ፣ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች መሆናቸውን አንርሳ። እናቶቻቸው እስከ ዛሬ ስልክ የሚጠብቁ አሉ።

ኦሪት ዘጸአት ደግሞ በግብፅ የነበሩ ሁለት አዋላጆችን ያነሣል፤ ሲፓራና ፉሐ ይባላሉ። ፈርዖን ወንድ ሲወለድ ግደሉ ብሎ አዘዛቸው፤ እነሱ እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን አተረፉ። ፈርዖን ኃያል ንጉሥ ነበር፤ ሆኖም መጽሐፉ የንጉሡን ስም አልጻፈልንም። የአዋላጆቹን ግን ጻፈ። ለእኔ ይህ ትልቅ ፍርድ ነው።

አሁን ከእኛው አገር አንዲት ሴት ላንሣ። በዚህ ባሕር ዳር ልትታወስ የሚገባት አስቴር ጋኖ ናት። ነጻ ተወልዳ፣ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች፤ ከዚያም ወደ ዓረብ ምድር ተወስዳ ልትሸጥ በጀልባ ተጫነች። በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን አስቆሙና ነጻ ወጣች። ወደ ኤርትራ ተወስዳም በምጽዋ አጠገብ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የእምኩሉ ትምህርት ቤት ተቀበላት።

በዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ነበር። እሱም በልጅነቱ ተሽጦ ነጻ የወጣ ሰው ነው፤ ከአገሩ ገና ሕፃን ሳለ በመለየቱም ቋንቋውን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ያስፈልገው ነበር። አስቴር ያላት ሀብት ይኸው ነበር። ቃላቱን ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ በ1893 የታተመው ሐዲስ ኪዳን በመዝገበ ቃላቱ ተቃና። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች፤ ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ነጋዴዎቹ ሁሉን ሲወስዱባት የእናቷ ቋንቋ አብሯት ቀርቶ ነበር፤ እሱኑ መጽሐፍ አድርጋ ለሕዝቧ መለሰችው። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ ነጆ ላይ አስተማረች።

በዚያ መጽሐፍ ቅዱስ የርእስ ገጽ ላይ በተርጓሚነት የተጻፈው ግን የኦነሲሞስ ስም ነው። ኦነሲሞስን ከልቤ አከብረዋለሁ፤ ሥራው ታላቅ ነው። የእሷ ስም አለመኖሩ ግን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እህቶቼ፣ በምትሠሩበት ቤት ምን ተብላችሁ እንደምትጠሩ አውቃለሁ። ልጅቷ ይሏችኋል፣ ሠራተኛዋ ይሏችኋል። ዛሬ የምትቀበሉት ወረቀት ላይ ግን ስማችሁ ከነአባታችሁ ስም ተጽፏል፤ ፊርማችሁንም በአውራ ጣት ምትክ በእጃችሁ ጽፋችኋል። ይህን ችሎታ ለደመወዛችሁ ተጠቀሙበት። ሩት በቦዔዝ እርሻ ላይ ስትቃርም ውላ፣ ማታ ወቅታ ስትሰፍረው ምን ያህል ገብስ እንዳገኘች መጽሐፉ በልክ ይነግረናል። እናንተም የወሩን ሒሳብ ጻፉት፤ የተቀበላችሁትን፣ የቀረውን፣ ወደ አገር ቤት የላካችሁትን። ፓስፖርታችሁን ማን እንደያዘው ጻፉ። ያልገባችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። እምነት ካላችሁ ዝም በሉ የሚላችሁ ቢኖር አጋር ማልቀሷንም አዋላጆቹ እምቢ ማለታቸውንም ንገሩት።

አሠሪዎች የሆናችሁ ወገኖቼም እዚህ ስላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። በእናንተ ቤት ያለችውን ልጅ ዓርቧን አትያዙባት፤ ደመወዟን በወቅቱ ስጧት፤ በስሟም ጥሯት። የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች ደግሞ ትምህርቱ ወደ ባልባላ የሚወጣበትን መንገድ ፈልጉ። እስከዚህ ድረስ ለመምጣት የታክሲ የሌላቸው ብዙ እህቶች እዚያ አሉ፤ ከዛሬዎቹ ተመራቂዎችም ለማስተማር ፈቃደኛ የሆኑ አሉ። ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ ከተገኘላቸው በሚቀጥለው ወር ሊጀምሩ ይችላሉ።

እንኳን ደስ አላችሁ!