የሶላር ፓምፕ ኢንቨርተር ፋን ሲቀየር ልናስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦች



ሽንኩርቱ ኮረት በሚይዝበት ሰሞን ውሃ ተቋረጠ ማለት ምርት ቀነሰ ማለት ነው። ፓምፑ ጠዋት በደንብ ሠርቶ፣ ፀሐይ ስትበረታ እየቆመ፣ ሲበርድ መልሶ የሚነሳ ከሆነ፣ ጥፋቱን ከጉድጓዱ ወይም ከፓኔሉ ብቻ አትፈልጉ። የኢንቨርተሩንም ፋን አዳምጡ። ፋኑ በአቧራ ከታፈነ ወይም ኩሽኔታው ካለቀ ኢንቨርተሩ ይግላል፤ እንዳይቃጠልም ራሱን ያጠፋል።

ተመሳሳዩ ፋን ከገበያ ከጠፋ ሌላ ዓይነት መግጠም ይቻላል። ነገር ግን ቦታው ላይ ልክ መግባቱ ብቻ በቂ አይደለም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የሚከተሉትን አመሳክሩ፦

1. ቮልት፦ በ24 ቮልት ቦታ 12 ቮልት ፋን ከተገጠመ ይቃጠላል። በ12 ቮልት ቦታ 24 ከተገጠመ ቀስ ብሎ ይዞራል ወይም ጭራሽ አይነሳም። አምፒሩም ከአሮጌው አይብለጥ።

2. መጠን፦ ወርዱን ብቻ ሳይሆን ውፍረቱንም ለኩ። ቀጭን ፋን ብዙውን ጊዜ የሚገፋው አየር ያነሰ ነው።

3. የአየር አቅጣጫ፦ አሮጌው ከመፈታቱ በፊት አየሩን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚነዳ ምልክት አድርጉ። ተገልብጦ የተገጠመ ፋን እየዞረም ላያቀዘቅዝ ይችላል።

4. ሽቦ፦ አሮጌው ባለ ሦስት ሽቦ ከሆነ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ የፋኑን ፍጥነት ለኢንቨርተሩ ይነግራል። ባለ ሁለት ሽቦ ከተገጠመ ኢንቨርተሩ ፋኑ እንደቆመ ቆጥሮ ሥራ ሊያቆም ይችላል።

5. ኩሽኔታ፦ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋው ቢጨምርም ይመረጣል።

ጥንቃቄ! ፓኔል ፀሐይ እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከፓኔሉ የሚመጣው መስመር በማጥፊያው ቢቋረጥም ኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ወዲያው አያልቅም፤ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ክዳኑን የሚከፍተው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይሁን። የዋስትና ጊዜው ካላለፈም መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁ።

ፋኑ ከተገጠመ በኋላ ባለሙያው ቶሎ አይሂድ። ፓምፑ እኩለ ቀን ላይ ሳይቆም መሥራቱን አብራችሁ አረጋግጡ። ይህንንም በልማት ቡድናችሁ ላሉ አርሶ አደሮች አስረዱ።