የቀኑ ድርሻ ለሳምንት፦ የኮዝሞ ሲቲ ታዳጊዎችና የደም ግፊት



ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ኮዝሞ ሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. መገንባት ሲጀምር፣ በዜቨንፎንቴይንና በሪቨርቤንድ የቆርቆሮ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችን በባንክ ብድር ቤት ከሚገዙ ጋር ለማጎራበት ታስቦ ነበር። ቤቱ ተሠርቷል፤ በዚያ የሚያድጉት ልጆች የልብ ጤንነት ግን ዛሬም የሕግ አውጪዎችን ትኩረት ይሻል።

የደም ግፊት የአዋቂዎች ሕመም ብቻ አይደለም። በ1990 በሶዌቶና በጆሃንስበርግ የተወለዱትን ሕፃናት የተከታተለው «በርዝ ቱ ትዌንቲ» ጥናት እንዳሳየው፣ በልጅነቱ ከፍ ያለ ግፊት የታየበት ልጅ በ18 ዓመቱም ያው ችግር የሚገጥመው ዕድል ሰፊ ነው።

ትርፍ ክብደት ልብ የሚገፋውን ደም ያበዛል፤ ኩላሊትም ጨው እንዲያስቀር ያደርጋል። አዘውትሮ የሚሮጥና ኳስ የሚጫወት ታዳጊ ግን የደም ሥሮቹ በቀላሉ ይሰፋሉ፤ ልቡም በጥቂት ምት ብዙ ደም ይረጫል። ክብደቱ ባይቀንስ እንኳ እንቅስቃሴው ይጠቅመዋል። ስለዚህ ልጅን በውፍረቱ ከማሸማቀቅ ሜዳና ጊዜ መስጠት ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በደቡብ አፍሪካ ሥርዓተ ትምህርት ግን የሰውነት ማጎልመሻ ራሱን የቻለ ትምህርት አይደለም። «ላይፍ ኦሪየንቴሽን» በተባለው ትምህርት ሥር ሆኖ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሳምንት 1 ሰዓት ብቻ ተመድቦለታል። የቀኑ ድርሻ ለሳምንት ሆኗል ማለት ነው። ያችም ሰዓት ለሌላ ትምህርት ከተወሰደች የሚቀር ነገር የለም።

ሀገሪቱ በምግብ ረገድ ቆራጥነቷን አሳይታለች፤ በ2016 የጨው መጠን ገደብን፣ በ2018 በጣፋጭ መጠጦች ላይ የተጣለውን ቀረጥ ሥራ ላይ አውላለች። ቀሪው ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የሰውነት ማጎልመሻው ሰዓት በሕግ ይጠበቅ፤ ቁጥጥርም ይኑረው።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ከትምህርት በኋላ በጥበቃ ይከፈቱ። ወላጆቻቸው ሱቅ ከፍተው ለሚያመሹ ልጆች፣ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ልጆችን ጨምሮ፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛ፣ ግፊት በትምህርት ቤት ይለካ። የመለኪያው መጠቅለያ ለክንዱ የሚመጥን ይሁን፤ ጠባብ መጠቅለያ በወፍራም ክንድ ላይ ግፊቱን አጋንኖ ያሳያልና። በሦስት የተለያዩ ቀናት ሳይለካም ማንም ልጅ ሕመምተኛ አይባል።

የደም ግፊት ድምፅ የለውም። ስለ ልጆቹ መናገር ያለበት ሕጉ ነው።