የጤፍ ሥዕልና የጤፍ ባለቤት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት በገላን ኮንዶሚኒየም የቀረበ ንግግር)




እንደሚታወቀው ይህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙበት አካባቢ የአቃቂ ሜዳ አካል ነው። ጥቁር አፈሩ ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ሲያበቅል የኖረ ነው። ማሳው በሕንፃ ሲተካ ከመሬቱ ጋር ዘሩም፣ የዘሩም ስም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የዛሬው ንግግር ጤፍን በሥዕል ስላስቀረ ሰው መሆኑም ስለዚሁ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲገባ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው በሠዓሊነት አብሮት ነበር። ባሉጋኒ እንሰትን፣ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ጤፍንም ሣለ። በ1770 እስከ ግሽ ዓባይ ዘልቆ፣ በ1771 ጎንደር ላይ አረፈ። ብሩስ በ1790 ኤዲንብራ ላይ ባሳተመው ባለአምስት ቅጽ መጽሐፍ የጤፍ ሥዕል ይገኛል፤ ሠዓሊው ግን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ሥራው በስሙ ተሰብስቦ የታተመው በ1991፣ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሥዕል በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ በጥቁር ቀለም የታተመ በመሆኑ፣ ነጭ ይሁን ሠርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ ከኅትመቱ መለየት አይቻልም። ለገበሬ ግን ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው! ገበያ የሚወስነው፣ እንጀራውም የሚታወቀው በዚህ ነውና። ጤፍን በዓይነት በዓይነቱ የመለየቱን ሥራ በጽሑፍ ያሰፈሩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታደሰ እባ ሲሆኑ፣ በ1975 ደብረ ዘይት ላይ ባወጡት ጥናት በዛላው ቅርጽና በፍሬው ቀለም 35 የጤፍ ዓይነቶችን ዘርዝረዋል። ገበሬው እነዚህን ከዚያ በፊትም በስማቸው ይጠራቸው ነበር።

ከዚህ ብዙም በማይርቀው ከተማ ስም የተሰየመው ዱከም ጤፍ በምርታማነቱ፣ ማኛ ደግሞ በንጣቱ ይታወቃሉ። የሁለቱ ድቃይ ቁንጮ በ2006 ለገበሬ ተለቀቀ።

ይሁን እንጂ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2003 በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ የፈጠራ መብት ጠይቆ፣ በ2007 ከአውሮፓ የፈጠራ መብት ቢሮ አግኝቷል። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው የወሰነው በ2018 ነው። በዚህ መካከል ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል።

በመሆኑም ለመሠረታዊ ማኅበራት የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ማኅበር በአካባቢው የቀሩትን ነባር የጤፍ ዓይነቶች ዛላቸውን ከነሥራቸው አድርቆ፣ በቀለም ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ዘሩን በማሰሮ ያኑር። በማሰሮው ላይ ገበሬው የሚጠራበት ስም፣ የቀበሌው ስምና ዘሩን ይዞ ያቆየው አባወራ ወይም እማወራ ስም ይጻፍ። ቀጣዩ የመኸር አጨዳ ሳያልፍ ቢጀመር ዛላው በማሳ ላይ እንዳለ ይገኛል።