ሙያ የወደቀ ልጅ መጠጊያ ብቻ አይደለም

   

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በያዮም ሆነ በቡሬ፣ ብዙ ቤት ድምፁ ይጠፋል። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወላጆች ጠጋ ይሉና በዝግታ «ልጄ ወደቀ፤ ዱዓ አድርጉለት» ይሉናል። «እስቲ ሙያ ይማር» ስንላቸው ፊታቸው ይከፋዋል። ቴክኒክና ሙያ መግባት ሁለተኛ ውድቀት ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ለዓመታት «ዩኒቨርሲቲ ይግባ» ብለን ዱዓ ስናደርግ «ባለሙያ ይሁን» ብለን አላደረግንም።

በ2015 ዓ.ም አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። ታዲያ የቀረው ልጅ ሁሉ ወድቋል እንበል?

አላህ ለዳዉድ (ዐ.ሰ) ንግሥናንና ነቢይነትን ሰጥቶ ሳለ ብረት አለዘበላቸው፤ ጥሩር መሥራትንም አስተማራቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ከሚበላው ሁሉ በእጁ ሠርቶ ያገኘውን ባስበለጡ ጊዜ ምሳሌ ያደረጉት ዳዉድን ነው። ዘከሪያም (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውንና ቆዳ አልፊውን በስድብ ስም መጥራት የኖረ በሽታ ነው። ይህ ከልማድ እንጂ ከዲናችን አልመጣም።

ሆኖም «ሙያ ተማሩ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ሙያ ራሱ ይለወጣልና። በአንድ ወቅት ፊልም የሚያጥብ ፎቶ አንሺና በታይፕ የሚጽፍ ጸሐፊ ተፈላጊ ነበሩ። ኮምፒውተር የተማሩት ቀጠሉ፤ ያልተማሩት መሣሪያቸውን ታቅፈው ቀሩ። አሁን ተራው የመካኒኩ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ካንዴላም ካርቡሬተርም የለም።

ቡናችንንም እንይ። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። አባቶቻችን ቡናውን ለቅመው፣ መሬት ላይ አስጥተው፣ ጀንፈሉን ይሸጡ ነበር። ዛሬ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ቀዩ ብቻ ተለቅሞ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ፣ እርጥበቱ ተለክቶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2023 ያወጣው ሕግ ደግሞ፣ ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው ከ2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን እንዳልመጣ እንዲረጋገጥና የማሳው መገኛ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በስልክ ማሳ የሚመዘግብ፣ ጥራት የሚለይ ወጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ሙያ በአባቶቻችን ዘመን ስሙም አልነበረም።

ሥልጠናውም ከዚህ ጋር መሄድ አለበት። በ1986ቱ ፖሊሲ ዘመን 10ኛ ክፍል ጨርሶ የገባ ልጅ «10+1»፣ «10+2» እየተባለ በተማረበት ዓመት ይቆጠር ነበር። በ2000 ዓ.ም የወጣው ስትራቴጂ ግን «ስንት ዓመት ተማርክ?» መባሉ ቀርቶ «ምን መሥራት ትችላለህ?» እንዲባል አደረገ። ያኔ ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ነበሩ፤ የብቃት ምዘናም (ሲኦሲ) አለ። በጋራዥ ወይም በእንጨት ቤት ሥራውን የለመደ ሰውም ቀርቦ መመዘን ይችላል። ብዙ ወንድሞቻችን ይህን በር ስለማያውቁት አያንኳኩትም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ሙያ ስታስገቡ ሒሳብና ንባብ ይቅርበት አትበሉ። የአዲሱን መሣሪያ መመሪያ ማንበብ ያልቻለ ባለሙያ ሙያው ሲለወጥ አብሮ ይቀራል። ሴት ልጆቻችሁንም ከኤሌክትሪክና ከኮምፒውተር ሥራ አታርቁ። በሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አጫጭር ሥልጠና ሲኖር «እኔ ጨርሻለሁ» አትበሉ። ሥራን አሳምሮ መሥራት፣ ቀጠሮና አማናን መጠበቅ ግን በየትኛውም ዘመን አያረጅም።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አለን። አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት፣ አንድ ችግረኛ አንሷር ሊለምን በመጣ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ዕቃውን ሸጠውለት በግማሹ መጥረቢያ አስገዙት፤ እጀታውን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት፤ እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥም ላኩት። ኢማም ነወዊም በ«መጅሙዕ» ኪታባቸው፣ ሙያ ያለው ችግረኛ ዋጋው ቢያንስም ቢበዛም የመሣሪያው መግዣ ከዘካ እንደሚሰጠው አስፍረዋል። ሠልጥኖ መሣሪያ በማጣት ግድግዳ ተደግፎ የሚውል ልጅ በየሰፈራችን አለ። የከተማችሁን ዑለማ ጠይቁ፤ ለአንዱ የመፍቻ ሳጥን፣ ለአንዷ የስፌት መኪና ግዙ። ዛሬ ዘካ የተቀበለ ልጅ፣ ኢንሻአላህ፣ ነገ ዘካ ሰጪ ይሆናል።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትና ሐላል ሪዝቅ ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።